ማመልከቻውን ራስ መጻፍ ወይስ ማስጻፍ?

በፍርድ ቤቶች አካባቢ ጠዋት ጠዋት ያለፈ ሁሉ ሥፍራውን ያውቀዋል። ከአጥሩ ሥር በጃንጥላና በላስቲክ ጥላ፣ አንዳንዶቹም ከመንገዱ ማዶ ባሉ ጠባብ ሱቆች ውስጥ፣ ራፖር ጸሐፊዎች ተደርድረው ይቀመጣሉ። ቀድሞ የጽሕፈት መኪናቸው ድምፅ ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ ዛሬ አብዛኞቹ በኮምፒዩተር ስለሚሠሩ ጫጫታው ቀነሰ እንጂ ሥራው ያው ነው። ከፊታቸው ባለችው ዱካ ላይ ብዙውን ጊዜ ነጠላዋን ያጣፋች፣ ወረቀቶቿን በፌስታል የያዘች ሴት ትቀመጣለች። እርሷ ትናገራለች፤ እርሱ ይጽፋል።

የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህችው ሴት ላይ ነው። አንዲት እናት ለልጆቿ ቀለብ ለመጠየቅ ወደ ፍርድ ቤት ስትሄድ ማመልከቻዋን ራሷ ትጻፈው ወይስ ገንዘብ ከፍላ ታስጽፈው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የልጆች ወተትና የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወሰነው በዚያ ወረቀት ላይ በሰፈረው ቃል ስለሆነ፣ አንባቢዎቻችን ጥቂት ጊዜ ቢሰጡት ተገቢ ነው እንላለን።

ማስጻፍ በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። ፊደል የቆጠረ ሰው በማይበዛበት ጊዜ በየመንደሩ ደብዳቤ የሚጽፍ አንድ ተማሪ አይጠፋም ነበር። እናቶች ቡና አፍልተው፣ ቆሎ አቅርበው፣ ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው ለሩቅ ዘመድ የሚሉትን ይነግሩታል። ተማሪው ታዲያ ሰላምታውን ከራሱ እያከለ ያስረዝመዋል፤ እናትየዋ በሁለት ቃል ያሉትን ገጽ ያደርሰዋል። ጉዳት አልነበረውም፤ ተቀባዩ ልጅ ወይም ወንድም ስለሆነ የእናቱን ቃል ከተማሪው ቃል ለይቶ ያውቃል። ዳኛ ግን ሴትየዋን አያውቃትም። አስቀድሞ የሚተዋወቃት በወረቀቷ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን ነገር በዐይኗ ያየችው አንዲት ጎረቤቷን ለመሸኘት በሄደችበት ዕለት ነው። ጎረቤቴ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። የዘጠኝና የአምስት ዓመት ሁለት ልጆች አሏት። ባለቤቷ የጭነት መኪና ሾፌር ሲሆን፣ በመካከላቸው በተነሣ አለመግባባት ከቤት ከወጣ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ለልጆቹ ገንዘብ ይልክ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ስልኩንም አላነሣ አለ። ትንሿ ልጅ አስም አለባት፤ መድኃኒቷ ወር በወር ይገዛል። ሽማግሌዎች ገብተው ነበር፤ አልጨረሱም። እናም ጎረቤቴ የፋብሪካውን ፈቃድ ጠይቃ፣ እናቷንና እኔን ይዛ ወደ ፍርድ ቤቱ አጥር ሄደች።

ራፖር ጸሐፊው ትሑት ሰው ነው። ዱካ አቀረበልን። ስንት ልጆች እንዳሏት፣ ባሏ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደተጋቡ አራት አምስት ጥያቄ ጠየቃትና መጻፍ ጀመረ። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። አራት ገጽ አትሞ ሲያበቃ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ «እዚህ ላይ ፈርሚ እኅቴ» አላት። እስክርቢቶውን ተቀበለችው።

«ቆይ ልጄ፤ እስቲ ላንብበው» አሉ እናቷ።

«እማማ፣ የሕግ ቋንቋ እኮ ነው። የተለመደው ነው፤ ሌላ ባለጉዳይም እየጠበቀኝ ነው» አለ ጸሐፊው።

እኒህ እናት ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ማታ ማታ በቀበሌ አዳራሽ ነው። ያኔ የተሰጣቸው የምስክር ወረቀት በመስተዋት ገብቶ እስከ ዛሬ ከቤታቸው ግድግዳ አልወረደም። መነጽራቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው አወጡና በጣታቸው መስመር በመስመር እየተከተሉ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ማንበብ ጀመሩ። የመጀመሪያው ገጽ በሙሉ «በደረሰብኝ ከፍተኛ የኅሊና ስብራት» በሚል ዓይነት ቃል የተሞላ ነበር። ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ሦስት ልጆች አፍርተን ይላል። ሦስተኛው የማን ነው?»

ሳቅን። ጸሐፊውም ሳቀና «ስሕተት ነው፤ አሁን አርመዋለሁ» አለ። እርሳቸው ግን አልሳቁም፤ ማንበባቸውን ቀጠሉ። አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ልጃቸውን አይዋት።

«ፍቺ ጠይቀሻል እንዴ?»

«ኧረ እኔ አልጠየቅሁም፣ እማዬ።»

ወረቀቱ ላይ ግን ጋብቻው በፍቺ እንዲፈርስና የጋራ ንብረት እንዲካፈል ተጠይቋል። የልጆቹ ቀለብ ከሁሉ በታች «ተገቢው ቀለብ እንዲሰጥ» በሚል አንድ መስመር ብቻ ተወስኗል። ስንት ብር እንደሆነ አይናገርም። ጸሐፊው የሌላ ባለጉዳይ ማመልከቻ ከኮምፒዩተሩ አውጥቶ ስሙን ብቻ ለውጦ ኖሯል። የጎረቤቴ ፊት ተለዋወጠ። ትዳሯ ይቀጥል ይፍረስ እርሷ ራሷ ሌሊት ሌሊት እያሰበች ያልወሰነችውን ነገር፣ አንድ የማያውቃት ሰው በሃያ ደቂቃ ወስኖላት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ክስ አቅራቢው ያቀረበው ነገር እውነት መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያዛል። በየማመልከቻው መጨረሻ «በሕጉ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» የሚል መስመር የሚገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙዎቻችን እንደ ማሳረጊያ ጸሎት ሳናስተውል እናልፈዋለን። ዳሩ ግን ያ መስመር ወረቀቱን የጻፈውን ሰው ከነገሩ አውጥቶ ፈራሚዋን ብቻዋን የሚያስቀር ነው። በቀጠሮው ቀን ዳኛው «ሦስተኛው ልጅ የት አለ?» ብለው ቢጠይቁ ጸሐፊው እዚያ የለም። እርግጥ ነው፣ ክስን በፍርድ ቤቱ ፈቃድ አሻሽሎ ማቅረብ ይቻላል። ይህ ግን ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ የሥራ ፈቃድ፣ ሌላ ያለመድኃኒት የሚታለፍ ወር ማለት ነው።

እንግዲያው ራሷ ትጻፈው ማለት ነው? አሁንም አይቸኩሉ።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በሒሳብ ትምህርት የተመረቀች፣ ብዕሯም የማይሰንፍ ሴት ናት። እርሷም ለልጇ ቀለብ ስትጠይቅ «የኔን በደል ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?» ብላ ራሷ ጻፈች። አሥራ አንድ ገጽ ሆነ። እኔም አንብቤዋለሁ፤ እንባዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። አማቷ በሠርጓ ማግሥት የተናገሯት ነገር አለበት፤ በአንድ የዘመን መለወጫ ዋዜማ የተሰበረው ድስት አለበት። ባልየው ወር በወር ስንት እንዲከፍል እንደምትጠይቅ ግን የትም አልተጻፈም። ሒሳብ ሠራተኛዋ ሒሳቡን ረሳችው! ፍርድ ቤት ደግሞ ያልተጠየቀውን ዳኝነት አይሰጥም። ስለዚህ አስተካክላ እንድትመጣ ተነግሯት ተመለሰች።

የሁለቱ ሴቶች ችግር የተለያየ ይመስላል እንጂ አንድ ነው። አንደኛዋ ነገሯን ሳትለይ ለሰው አስረከበች፤ ሁለተኛዋ ነገሯን ሳትለይ በራሷ እጅ ጻፈችው። የሚቀድመው እንግዲህ ነገሩን መለየት ነው፤ ማን ይጻፈው የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ይህን የመለየት ሥራ ደግሞ ለማንም መስጠት አይቻልም።

ሕጉ የሚፈልገው ፍሬ ነገሩን በአጭሩ ነው። ማመልከቻው የሚቀርብበት ፍርድ ቤት፣ የከሳሽና የተከሳሽ ሙሉ ስምና አድራሻ፣ ለክሱ ምክንያት የሆነው ነገር፣ መቼና የት እንደተፈጸመ፣ በመጨረሻም የሚጠየቀው ዳኝነት ተለይቶ መጻፍ አለበት። የምስክሮች ስምና አድራሻ፣ ምን እንደሚያስረዱም ጭምር ይያያዛል። የሰነዶች ዝርዝርም እንዲሁ። ሰነዱ በእጇ ከሌለ በማን እጅ እንደሚገኝ ትገልጻለች። ለምሳሌ የባልየው የደመወዝ ማስረጃ በመሥሪያ ቤቱ እንጂ በእርሷ እጅ አይገኝም፤ ስለዚህ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብላት ትጠይቃለች። ብዙ እናቶች ይህን ባለማወቅ «ደመወዙን ደብቆኝ ምን ብዬ ልጠይቅ?» እያሉ ተስፋ ቆርጠው ይቀመጣሉ።

ቀን መጻፍ ለብዙዎቻችን አስቸጋሪ ነው። እኛ ሴቶች ዘመንን የምንቆጥረው በሌላ መንገድ ነው፤ ትንሹ ክርስትና የተነሣ ሰሞን፣ እማማ የታመሙ ጊዜ፣ የኪራይ ቤት የቀየርን ዕለት። ይህ የሚያሳፍር አይደለም። የክትባት ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የኪራይ ውል አውጥቶ ሲያመሳክሩት ትክክለኛው ቀን ይገኛል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚጠይቀው የወጪው ዝርዝር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (ብዙዎቹ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል) ቀለብ ሲል ምግብን ብቻ ማለቱ አይደለም። መኖሪያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርትም እንደ ሁኔታው ይገቡበታል። መጠኑ የሚወሰነው በጠያቂው ችግርና በከፋዩ አቅም ነው። ኑሮ ሲለወጥም መጠኑ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ «ተገቢው ቀለብ» ብሎ መጻፍ ዳኛውን በጨለማ እንደማቆም ነው። ስንት እንጀራ፣ ስንት ሊትር ወተት፣ የቤት ኪራዩ ስንት፣ የደንብ ልብስና ደብተሩ ስንት፣ የታክሲው ስንት? እናት ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። የምትረሳውም ግን አለ። ሥራ ስትውል ልጇን ለምትጠብቅላት ጎረቤት የምትሰጠው ገንዘብ ወጪ አይመስላትም። ሳሙናውን፣ መብራቱን፣ ውኃውን አትቆጥረውም። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚገዛው ጫማም ለዐሥራ ሁለት ወር ተካፍሎ መግባት እንዳለበት አይታሰባትም። ሳምንት ሙሉ ደብተር በኩሽና አስቀምጦ፣ ገንዘብ ከቦርሳ በወጣ ቁጥር መጻፍ ከየትኛውም ጸሐፊ ብዕር የበለጠ ይሠራል። ደረሰኝ ካለ ደግሞ ይቀመጥ።

መጻፍ የማትችል እናትስ? እርሷም ቢሆን ነገሯን መለየት ትችላለች። ዛሬ ስልክ በየእጃችን ስላለ ቃሏን ቀስ ብላ መቅዳት፣ ከዚያም የምታምነው እኅት ወይም ጎረቤት እንድትጽፍላት ማድረግ ትችላለች። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለን። ጸሐፊው የገዛ ልጇ አይሁን። የጎረቤቴ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከቤቱ ሁሉ ቆንጆ ጽሕፈት ያለው እርሱ ስለሆነ «እኔ ልጻፍልሽ እማ» ብሎ ደብተሩን ይዞ መጥቶ ነበር። አያቱ «አንተ የቤት ሥራህን ጻፍ» ብለው መለሱት። ልጅ በአባቱ ላይ የሚቀርብ ክስ በገዛ እጁ እንዲጽፍ ማድረግ፣ ቀለቡን ለማስከበር ተብሎ ሌላ ነገሩን መጉዳት ነው።

ነገሩ ተለይቶ ከተጻፈ በኋላ ማን ይጨርሰው የሚለው እንደ ጉዳዩ ክብደት ይወሰናል። ጋብቻውና የልጆቹ አባትነት ክርክር የሌለበት፣ የሚጠየቀውም ቀለብ ብቻ ከሆነ፣ ማንበብና መጻፍ የምትችል እናት ራሷ ጽፋ ብታቀርበው የሚከለክላት የለም። ባለጉዳይ ራሱ ቀርቦ መከራከር እንደሚችል ሕጉ ያውቃል። ልምድ ያለው ራፖር ጸሐፊ አጽድቶ ቢተይብላትም መልካም ነው። ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት አይገባም፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት በዚያ ሥራ የቆዩ፣ የክስ አቀራረብን ሥርዓት አጥርተው የሚያውቁ ጸሐፊዎች አሉ። በገጽ የሚያስከፍል ጸሐፊ ግን ገጹ ቢበዛ እንደማይከፋው ልብ ማለት ይገባል።

አባትነቱ የተካደ እንደሆነ፣ ቤት ወይም ሌላ የጋራ ንብረት ክርክር ያለበት እንደሆነ፣ ወይም የተሰጠው ፍርድ ይግባኝ የሚባልበት እንደሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የይግባኝ ማቅረቢያ ጊዜው ስድሳ ቀን ነው፤ ካለፈ ለማስፈቀድ በቂ ምክንያት ማስረዳት ይጠይቃል። በእንዲህ ያለው ጉዳይ «እኔው እጽፈዋለሁ» ማለት ድፍረት እንጂ ቁጠባ አይደለም፤ የሕግ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል። ፍቺ የምትጠይቅ ሴትም እንዲሁ። የፍቺ ጥያቄ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆች አጠባበቅና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ወዲያውኑ ጊዜያዊ ትእዛዝ መስጠት እንዳለበት ሕጉ ይናገራል። ይህን የማያውቅ ጸሐፊ ሳይጠይቅላት ከቀረ ልጆቹ እስከ ፍርዱ ድረስ በባዶ እጅ ሊቆዩ ይችላሉ።

የጠበቃ ገንዘብ ከየት ይመጣል? የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነጻ የሕግ ምክር ሲሰጥ ቆይቷል። የዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችም የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው ደግሞ አቅም እንደሌለው አስረድቶ በደሃ ደንብ ክስ እንዲያቀርብ እንዲፈቀድለት መጠየቅ ይችላል። በየትኛውም በኩል ቢኬድ፣ ሳምንቱን ሙሉ የተጻፈበትን ደብተር ይዛ የምትሄድ ሴት ባዶ እጇን ከምትሄደው ቶሎ ትስተናገዳለች። ጠበቃውም የመጀመሪያውን ሰዓት ታሪክ በመልቀም አያጠፋም።

ወደ ጎረቤቴ እንመለስ። ያን ዕለት ሳትፈርም፣ ለጸሐፊው ድካም የሚገባውን ከፍላ ወደ ቤት ተመለስን። ስምንት ቀን ጻፈች። ከፋብሪካ ስትመለስ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ትጽፋለች፤ እናቷ መነጽራቸውን አድርገው ያነቧታል። «ይኼ ለእኔ የምትነግሪኝ ነው፤ ለዳኛ አይሆንም» እያሉ ያሰርዟታል። አንድ ማታ የሰረዙት ገጽ ላይ አለቀሰች፤ የተሰረዘው ባሏ ሲወጣ ለልጁ የተናገረው ቃል ነበር። ሥርዙ እንዲነሣ አልጠየቀችም።

በዘጠነኛው ቀን ወደዚያው ራፖር ጸሐፊ ሄድን። ሌላ ይሻላል ብዬ ነበር፤ እናቷ ግን «ስሕተቱን ያውቃል፤ አሁን ይጠነቀቃል» አሉ። ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየና «እንዲህ ተለይቶ ቢመጣልኝማ ምን ቸገረኝ» አለ። ሁለት ገጽ ሆነ። ርእሱን ቀለብ ብሎ ለየው፤ የደመወዙ ማስረጃ ከመሥሪያ ቤቱ እንዲቀርብ የሚጠይቀውን መስመር እርሱ ነው ከራሱ የጨመረላት፤ ይህን እኛ በዚያ መልክ መጻፉን አናውቅበትም ነበር። የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀትና የመድኃኒት ደረሰኞቹ ተያያዙ። እናቷ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ፈረመች።

በክርክሩ ቀን ባልየው ቀርቦ የአስሙን መድኃኒት ዋጋ ካደ። ደረሰኞቹ በየወሩ ተደርድረው ስለነበር ዳኛዋ አገላብጠው አዩና አለፉት። የደመወዙ ማስረጃ ከመሥሪያ ቤቱ እስኪመጣ ሁለት ቀጠሮ ፈጀ። የተወሰነላት ቀለብ ከጠየቀችው ያነሰ ነው፤ ከደመወዙ እየተቆረጠ በየወሩ ይደርሳታል። የፍቺውን ነገር እስካሁን አልወሰነችም፤ ሽማግሌዎቹ ለፋሲካ ማግሥት ቀጥረዋቸዋል።